ከ3,000 ሜትር በላይ የሚታደር ሌሊት፦ ቀላል የዳውን ስሊፒንግ ባግ አመራረጥ



ከደባርቅ ተነስቶ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚገባ ተጓዥ መጀመሪያ ሳንቃበር፣ ከዚያ ግጭ፣ ቀጥሎም ጨነቅ ያድራል። ሳንቃበር 3,250 ሜትር፣ ግጭና ጨነቅ ደግሞ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ቀን ቀን ፀሐዩ አንገት ያቃጥላል፤ ጭላዳዎች ሜዳው ላይ ተበትነው ሣር ሲነጩ ተጓዡ እጅጌውን ሰብስቦ ያልፋቸዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ነገሩ ይገለበጣል። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች ሙቀቱን የሚይዝ ደመና ስለሌለ መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ቶሎ ይለቅቃል፤ ሲነጋም ሣሩ አመዳይ ለብሶ ይገኛል። በባሌ ደግሞ የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ያህል፣ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍ ስለሚሉ የበጋው ሌሊት ከዜሮ በታች ብዙ ዲግሪ ይወርዳል።

የቅዝቃዜውን መጠን አስቀድሞ መገመት ይቻላል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ በሆነ ሰፈር ሌሊቱ 8 ዲግሪ ቢሆን፣ 1,300 ሜትር ከፍ የሚለው ጨነቅ ዜሮ ይጠጋል ማለት ነው። ሰማዩ ሲጠራ ወይም ድንኳኑ ቀዝቃዛ አየር በሚጠራቀምበት ጎድጓዳ ቦታ ሲተከል ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። ስሊፒንግ ባግ ለመግዛት የሚነሳ ሰው ሱቅ ከመግባቱ በፊት ይህንን ስሌት ወረቀት ላይ ማስፈር አለበት።

የዛሬው ዲስኩር ጥያቄ አንድ ነው፦ ዕቃውን በጀርባው ተሸክሞ የሚጓዝ ሰው ለእንዲህ ያለ ሌሊት የትኛውን ስሊፒንግ ባግ ይምረጥ? ሻጭ አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሰው በአንድ ቁጥር ነው፤ «ይሄ እስከ ዜሮ ዲግሪ ይችላል» ይላል። ይህ ቁጥር ብቻውን የሚነግረው ነገር ጥቂት ነው። ውስጡ ያለው ዳውን ምን ያህል ይነፋል፣ ስንት ግራም ነው፣ ዲግሪውስ ለማን ተለክቶ የተጻፈ ነው ብሎ የጠየቀ ገዢ ግን የዕቃውን ስም ሳያውቅ እንኳ ጥሩውን ከመጥፎው ይለያል።

ነገሩ የሚጀምረው ስሊፒንግ ባግ ሙቀት የማያመነጭ ከመሆኑ ላይ ነው። ምድጃው ሰውዬው ራሱ ነው። የተኛ ሰው ከ70 እስከ 100 ዋት የሚሆን ሙቀት ያወጣል፤ የከረጢቱ ሥራ ይህ ሙቀት በቶሎ እንዳያመልጥ ማዘግየት ነው። ማዘግየቱን የሚሠራው ጨርቁ ወይም ላባው ሳይሆን በመካከላቸው ሳይንቀሳቀስ የታሰረው አየር ነው። አራት እጥፍ ሆኖ የሚሠራ ጋቢ ከአንድ ወፍራም ጨርቅ ይልቅ የሚያሞቀው በእጥፎቹ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው፤ ዳውንም ይህንኑ ሥራ በጣም ባነሰ ክብደት ይሠራል።

ዳውን የሚባለው በዝይና በዳክዬ ገላ ላይ ከውጭኛው ላባ ሥር የሚገኘው ለስላሳ ሽፋን ነው። ከጃኬት ስፌት ሾልካ የወጣች አንዲት ፍሬ መዳፍ ላይ አድርጎ የሚያያት ሰው ላባ የሚለውን ቃል ይጠራጠራል። እንደ ላባ በመሃሏ የሚያልፍ ዘንግ የላትም። ከአንዲት ትንሽ ማዕከል በየአቅጣጫው እጅግ ቀጫጭን ክሮች ይፈነጠቃሉ፤ ከእያንዳንዱ ክር ላይ ደግሞ በዓይን በቀላሉ የማይታዩ ቅርንጫፎች ይወጣሉ። በሁለት ጣት ሲጫኗት ከስንዴ ቅንጣት ታንሳለች፤ ሲለቋት ቀስ እያለች ትነሣና ወደ ቀድሞ ክብ ቅርጿ ትመለሳለች፤ ትንፋሽ ሲነካት ትበራለች። ሺህ ጊዜ ታጥፋ ሺህ ጊዜ የምትነሣ በመሆኗ ነው ሰው የሠራው ሙሌት እስካሁን በክብደቷ ልክ ሊወዳደራት ያልቻለው።

ተራ ላባ ግን ሌላ ነው። ዘንግ አለው፤ ጠፍጣፋ ነው፤ ይከብዳል፤ ጫፉም ጨርቅ ወግቶ ይወጣል። በአውሮፓ የተሠሩ ከረጢቶች ላይ 90/10 ወይም 95/5 የሚል ጽሑፍ የሚታየው ለዚህ ነው፤ የመጀመሪያው ቁጥር የዳውኑ፣ ሁለተኛው የላባው ድርሻ በመቶኛ ነው። 70/30 ወይም 50/50 የሚል ከረጢት ዋጋው ረከስ ይላል፤ የተረፈውን ዋጋ ግን ተጓዡ በትከሻው ይከፍለዋል።

የተራራ ሰዎች ዳውንን አምነው ለመቀበል ጊዜ ወስዶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1922 የእንግሊዝ ቡድን ኤቨረስትን ለመውጣት ሲሞክር አብዛኞቹ አባላት የለበሱት ሱፍና ጋባርዲን ነበር። በአውስትራሊያ የተወለደው ኬሚስት ጆርጅ ፊንች ግን ከባሉን ጨርቅ ተሰፍቶ በዳውን የተሞላ ካፖርት አሠርቶ መጣ። ያን ዓመት ፊንችና ጄፍሪ ብሩስ በኦክስጅን እየታገዙ ከ8,300 ሜትር በላይ ወጡ፤ ከዚያ በፊት ማንም እዚያ ከፍታ አልደረሰም ነበር። በአሜሪካ ደግሞ በክረምት ዓሣ ለማጥመድ ወጥቶ ብርድ ሊገድለው ደርሶ የነበረው የሲያትሉ ነጋዴ ኤዲ ባወር እ.ኤ.አ. በ1936 ስፌት ያለው የዳውን ጃኬት መሸጥ ጀመረ።

የስሊፒንግ ባጉም ታሪክ ከአነስተኛ ቤቶች አይርቅም። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ራብ ካሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አርጀንቲና ውስጥ ሳለ የዳውን ከረጢት መስፋት ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1981 ሼፊልድ ውስጥ በቤቱ ጣሪያ ሥር ባለች ክፍል የጀመረው ስፌት ዛሬ ራብ በሚል ስም የሚታወቀው ድርጅት መነሻ ሆነ። በካሊፎርኒያ ዌስተርን ማውንቴኒሪንግ፣ በሲያትል ፌዘርድ ፍሬንድስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መባቻ የተነሱ ትንንሽ አምራቾች ሲሆኑ አሁንም በዘርፉ ስማቸው ይጠራል። የእነዚህ ሁሉ ዕቃ ዋጋው የሚበዛው በስማቸው ብቻ አይደለም። ምን ያህል ዳውን፣ ምን ዓይነት ዳውን እንዳስገቡ በግልጽ ስለሚጽፉ ገዢው ሊያወዳድር ይችላል።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ቁጥር። ፊል ፓወር የሚባለው የዳውኑን የመንፋት አቅም የሚለካ ነው። በላቦራቶሪ የተዘጋጀ ጥቂት ዳውን በብርጭቆ ሲሊንደር ውስጥ ይጨመራል፤ ክብደቱ የታወቀ ቀላል ክዳን ይጫንበታል፤ ዳውኑ ክዳኑን ተሸክሞ የሚይዘው ቦታ ይለካል። ውጤቱ የሚጻፈው አንድ አውንስ ማለትም 28 ግራም ዳውን ስንት ኪዩቢክ ኢንች ቦታ እንደያዘ ነው። 600 የተባለው 28 ግራም ዳውን 9.8 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ 800 የተባለው 13 ሊትር፣ 900 የተባለው ደግሞ 14.7 ሊትር። 550 እና 600 መናኛ አይደሉም፤ ግን ከባድ ናቸው። ክብደት የሚቆጥር ተጓዥ ከ750 ወይም ከ800 ጀምሮ ይፈልጋል።

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከፍ ያለ ፊል ፓወር የተጻፈበት ከረጢት የግድ የበለጠ ያሞቃል ማለት አይደለም። ሙቀት የሚይዘው ጠቅላላው የአየር መጠን ስለሆነ ፊል ፓወሩ ከግራሙ ጋር መባዛት አለበት። 600 የሆነ 400 ግራም ዳውን እና 850 የሆነ 282 ግራም ዳውን የሚይዙት ቦታ እኩል ነው። ሁለተኛው የሚያተርፈው 118 ግራም ክብደትና ሲታጠፍ በቦርሳ ውስጥ የሚይዘውን ቦታ ነው። በአንጻሩ 900 ተብሎ 200 ግራም ብቻ የተጨመረበት ከረጢት 650 ተብሎ 500 ግራም ከገባበት በእጅጉ ይቀዘቅዛል። ፊል ፓወሩን በትልቁ ጽፎ የዳውኑን ግራም የማይጽፍ ሻጭ ቢያጋጥም፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ግራም ዳውን አለው?» የሚል መሆን አለበት። የከረጢቱ ጠቅላላ ክብደት ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም፤ ጨርቁም ዚፑም ተቆጥረውበታል።

ጨርቁ ራሱ ከባድ ጉዳይ ነው። የናይለን ክር ቅጥነት የሚለካው በዴኒየር ነው፤ ይህም 9,000 ሜትር ክር በግራም ስንት እንደሚመዝን ማለት ነው። 10 ዴኒየር ጨርቅ በጣም ቀላልና ለስላሳ ነው፤ ሹል ድንጋይ፣ የጫማ ክር ጫፍ ወይም የሲጋራ ፍንጣሪ ግን ያበላሸዋል። 20 ዴኒየር ትንሽ ይከብዳል፤ ያለ ጥንቃቄ ለሚይዘው ሰው ግን ዕድሜ ይሰጣል። ጨርቁ በጣም ጥቅጥቅ ብሎ መሸመን አለበት፤ ካልሆነ ዳውኑ በቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ ይወጣል።

ከጨርቁ ቀጥሎ አሰፋፉ ይታያል። ዳውን በአንድ ትልቅ ከረጢት ውስጥ ቢለቀቅ ሁሉም ወደ እግር ይንሸራተታል፤ ስለዚህ በየክፍሉ ይታሰራል። ርካሹ ዘዴ የውጭውንና የውስጡን ጨርቅ በቀጥታ አንድ ላይ መስፋት ነው። እያንዳንዱ የስፌት መስመር ዳውን የሌለበት ቀዝቃዛ መስመር ስለሚሆን ይህ አሠራር ለሞቃት ሌሊትና ለቆላ ያገለግላል፤ ለግጭ ሌሊት ግን አይበቃም። የተሻለው በሁለቱ ጨርቆች መካከል ቀጭን የመረብ ግድግዳ አቁሞ ክፍሎቹን ሣጥን ማስመሰል ነው። ክፍሎቹ በቁመት ሳይሆን በወርድ ተዘርግተው ከጎን ወደ ጎን ሳይቋረጡ የሚያልፉባቸው ከረጢቶች አንድ ተጨማሪ ጥቅም አላቸው፦ ሌሊቱ ሲበርድ ዳውኑን በእጅ ከሥር ወደ ላይ መግፋት፣ ሲሞቅ ደግሞ መመለስ ይቻላል።

አሁን ብዙ ገንዘብ ወደሚጠፋበት ቁጥር፣ ወደ ዲግሪው።

በአውሮፓ ኢኤን 13537 የተባለው መለኪያ ከመውጣቱ በፊት እያንዳንዱ አምራች ያሻውን ዲግሪ ይጽፍ ነበር። ይህ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ሥራ ላይ ዋለ፤ ኋላም አይኤስኦ 23537 በተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ ተተካ። ፈተናው የሚደረገው በማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ነው። በውስጡ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያለው የሰው ቁመት ያህል አሻንጉሊት ረጅም የውስጥ ልብስና ካልሲ ለብሶ፣ ከረጢቱ ውስጥ ገብቶ ፍራሽ ላይ ይጋደማል፤ ኮፍያው ይታሰርለታል፤ ቆዳው የሚፈለገውን ሙቀት ይዞ እንዲቆይ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደፈጀ ይለካል። ከዚያ ውጤት ሦስት ዲግሪዎች ይወጣሉ።

የመጀመሪያው ምቹ የሚባለው ነው። 25 ዓመት የሆናት፣ 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት ዘና ብላ ተጋድማ ሳይበርዳት የምታድርበት ዲግሪ ነው። ሁለተኛው ወሰን የሚባለው ነው፤ 25 ዓመት የሆነው፣ 70 ኪሎ የሚመዝን ወንድ ተጠቅልሎ እንደ ኳስ ሆኖ እንደ ምንም የሚያድርበት ነው። ሦስተኛው ጽንፍ የሚባለው ሲሆን ሴትየዋ ለ6 ሰዓት ያህል ብትቆይ በሕይወት የምትተርፍበት፣ ግን ለከባድ የሰውነት መቀዝቀዝ የምትጋለጥበት ነው። በአንድ ከረጢት ላይ ምቹው ዜሮ ቢሆን ወሰኑ −5 ወይም −6፣ ጽንፉ ደግሞ −22 አካባቢ ሊሆን ይችላል። ከሦስቱ ለገበያ የሚስማማው ዝቅተኛው ስለሆነ አንዳንድ ሻጭ −22 ን በትልቁ ይጽፋል። በዚህ ዲግሪ የሚያድር ሰው እንቅልፍ የለውም።

ሙከራው የሚያስበው 25 ዓመት የሆነውን፣ ጤነኛና የጠገበ ሰው ነው። ሲደክሙ፣ ራት ሳይበሉ ሲተኙ፣ ከፍታው ሲያስቸግር፣ ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት ያን ያህል ሙቀት አያመነጭም። ወንድም ሆነ ሴት ለብርድ የሚሳሳ ሰው በምቹው ዲግሪ መምረጥ አለበት፤ ሙቀት የሚበዛበት ሰው በምቹውና በወሰኑ መካከል ያለውን ቁጥር ቢያምን ያዋጣዋል።

ከአሜሪካ ዕቃ ለሚያስመጣ ሰው ሌላ ወጥመድ አለ። በዚያ የከረጢቱ ስም ላይ የሚለጠፈው ቁጥር ፋራናይት ነው። በዋሽንግተን፣ በዳላስ ወይም በሲያትል ያለ ዘመድ «20 የሚል አግኝቻለሁ፤ ልላክልህ?» ብሎ ሲደውል፣ አዲስ አበባ ያለው ሰው 20 ሴንቲግሬድ መስሎት «ይሄማ ለአዋሽ ነው» ሊል ይችላል። 20 ፋራናይት ግን −7 ሴንቲግሬድ ያህል ነው፤ 30 ፋራናይት −1፣ 40 ደግሞ 4 ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። በዚያ ላይ በስሙ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ ወሰኑ እንጂ ምቹው አይደለም፤ 20 የተባለው ከረጢት ምቹ ዲግሪው −1 አካባቢ ሊሆን ይችላል። ዘመድን መጠየቅ የሚገባው በውስጡ ከተሰፋው መለያ ላይ ምቹ ተብሎ የተጻፈውን ቁጥር ፎቶ አንስቶ እንዲልክ ነው።

ምንም ያህል ውድ ከረጢት ቢገዛ ከሥር ያለው ፍራሽ ካልታሰበበት ገንዘቡ ባክኗል። ሰው ሲተኛበት ከጀርባው ሥር ያለው ዳውን ይጨፈለቃል፤ የተጨፈለቀ ዳውን አየር የለውም፤ አየር የሌለው ዳውን መሬቱ ሙቀት ሲስብ አያግድም። አሻንጉሊቱም የተለካው ፍራሽ ላይ ተጋድሞ መሆኑ መረሳት የለበትም። የፍራሽ ብርድ የመከላከል አቅም አር ቫልዩ በሚባል ቁጥር ይጻፋል። ተጠቅልሎ ከቦርሳ ውጭ የሚታሰረው ስስ የስፖንጅ ፍራሽ 2 ገደማ ነው፤ መሬቱ ዜሮ በሚሆንበት ሌሊት 3 ወይም 4 ያለው ይመረጣል። ስፖንጁን ከሥር አንጥፎ በላዩ የሚነፋ ፍራሽ የሚደርብ ሰው ሁለቱን ቁጥሮች ይደምራል።

ከሥር ያለው ሙሌት ከተጨፈለቀ ለምን ይሸከሙታል ብሎ የጠየቀው አሜሪካዊው ተጓዥ ሬይ ጃርዲን ነው። ከሜክሲኮ ድንበር እስከ ካናዳ በሚዘረጋው የፓሲፊክ ክረስት መንገድ ላይ ከባለቤቱ ጋር ሲጓዝ በእጅ የተሰፋ የሥር ክፍል የሌለው ብርድ ልብስ ይዞ ነበር። ይህ ኩዊልት የተባለው ዓይነት ዛሬ በቀላል ጓዝ ተጓዦች ዘንድ የተለመደ ነው። ኮፍያና ሙሉ ዚፕ ስለሌለው ከ100 እስከ 200 ግራም ይቀንሳል። በእንቅልፉ ለሚገላበጥ ሰው ግን ከጎን ብርድ ይገባል፤ ነፋስ ለሚበዛበት ለሳነቴም ኮፍያ ያለውና እስከ አንገት የሚታሰረው ከረጢት ይሻላል። ኩዊልት የመረጠ ሰው ወፍራም የሱፍ ኮፍያ አይለየው።

የከረጢቱ ስፋትም እንደ ልብስ ነው የሚለካው። በትከሻ ዙሪያ 150 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነው ጠባብና ቀላል ነው፤ 160 እና ከዚያ በላይ የሆነው ለደንዳናና ለሚገላበጥ ሰው ነው። በጣም ሰፊ ከሆነ ሰውነት ባዶ አየር ሲያሞቅ ያድራል፤ በጣም ጠባብ ከሆነ ደግሞ ክርንና ጉልበት ዳውኑን ከውስጥ ይጨፈልቁታል። ሱቅ ውስጥ ጃኬት ለብሶ መግባትና መገላበጥ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ዚፑን ከውስጥ ሆኖ በአንድ እጅ መክፈትና መዝጋት፣ ከዚፑ ጀርባ በዳውን የተሞላ መሸፈኛ መኖሩን ማየት፣ የአንገት ማሰሪያው ጨለማ ውስጥ መገኘቱን በጣት መሞከር፤ እነዚህ አምስት ደቂቃ የማይፈጁ ምርመራዎች ናቸው።

ዳውን ትልቅ ድክመት አለው፤ እርሱም ውኃ ነው። ሲርስ ፍሬዎቹ ተጣብቀው ይጋደማሉ፤ አየሩም ይጠፋል። የመንዝ ባና ቢርስ እንኳ ጥቂት ያሞቃል፤ የረጠበ ዳውን ግን አያሞቅም፤ ለመድረቅም ይዘገያል። እ.ኤ.አ. ከ2012 አካባቢ ጀምሮ ውኃ እንዳይቀበል በኬሚካል የታከመ ዳውን ገበያ ላይ ወጥቷል፤ ጤዛና ጥቂት እርጥበትን ይቋቋማል እንጂ ወንዝ ውስጥ ለወደቀ ቦርሳ መድኃኒት አይደለም። በሰሜን ተራሮች ዋናው የጉዞ ወቅት ከጥቅምት እስከ መጋቢት ደረቅ ስለሆነ ዳውን በትክክል ቦታው ነው። የባሌ ዝናብ ግን ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ በእነዚያ ወራት የሚሄድ ሰው ሰው ሠራሽ ሙሌት ያለውን፣ ቢከብድም፣ ቢመርጥ ይሻለዋል። ከዝናብ ይልቅ ቀስ በቀስ የሚጎዳው የራስ ትንፋሽ ነው፤ ብርድ ሲጠና ፊትን አስገብቶ መተንፈስ ያምራል፤ እንፋሎቱ ግን ዳውኑ ውስጥ ገብቶ ያድራል፤ ለነገው ሌሊት ከረጢቱን ያሳሳዋል። ጠዋት ጓዝ ከመጠቅለሉ በፊት ገልብጦ ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ ማስጣት ልማድ መሆን አለበት።

ክብደት ማሳነስ እስከ የት ነው? በቀላል ጓዝ ተጓዦች ዘንድ ምግብ፣ ውኃና ነዳጅ ሳይቆጠር ጠቅላላው ጓዝ ከ4.5 ኪሎ በታች ሲሆን ነው እጅግ ቀላል የሚባለው። ድንኳን፣ ከረጢትና ቦርሳ ከሁሉ የሚከብዱ ሦስቱ ስለሆኑ ቅነሳው የሚጀምረው ከእነርሱ ነው። በዚህ ረገድ ሁሌ የሚጠቀሱት አሜሪካዊቷ አዛውንት ኤማ ጌትዉድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1955 በ67 ዓመታቸው ከ3,200 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን የአፓላቺያን መንገድ ብቻቸውን በእግራቸው ሲጨርሱ ስሊፒንግ ባግም ድንኳንም አልያዙም፤ በእጃቸው በሰፉት የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ብርድ ልብስና የሻወር መጋረጃ ነበራቸው። የተጓዙት ግን ከግንቦት እስከ መስከረም፣ ከሰሜን ተራሮቻችን እጅግ ዝቅ ባሉ ጫካዎች ነው። የእሳቸውን ጓዝ ጥር ላይ ራስ ዳሸን ሥር ይዞ መሄድ ሌላ ጉዳይ ነው።

ዳውኑ ከየት እንደሚመጣም የሚጠይቅ ገዢ ጨምሯል፤ ተገቢም ነው። አብዛኛው ዳውን ለሥጋ ከሚታረዱ ዝይዎችና ዳክዬዎች የሚገኝ ሲሆን ዋናዋ አምራች ቻይና ናት። ወፎቹ በሕይወት እያሉ መነጨታቸውና በግድ መመገባቸው ትልቅ ቅሬታ ስላስነሳ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 አርዲኤስ የተባለ የምስክር ወረቀት ተጀመረ፤ ሁለቱንም ድርጊቶች ይከለክላል፤ ዳውኑንም ከእርሻው እስከ ፋብሪካው ይከታተላል። በአይስላንድ የሚሰበሰበው የአይደር ዳክዬ ዳውን ግን ወፏ ጎጆዋን ካነጠፈችበት ላይ የሚለቀም ነው፤ አንድ ኪሎ ለማግኘት 60 ያህል ጎጆ ያስፈልጋል፤ በዋጋውም ምክንያት በስሊፒንግ ባግ ውስጥ እምብዛም አይገኝም።

ይህ ሁሉ በተግባር ምን ይመስላል? ሁለት ተጓዦችን እናስብ። አንደኛው ከጎንደር ተነስቶ ከአስጎብኚ፣ ከስካውትና ከበቅሎ ጫኝ ጋር ወደ ራስ ዳሸን የሚሄድ ነው። ጓዙን በቅሎ ስለሚሸከምለት ሁለት ኪሎ የሆነ ሰው ሠራሽ ከረጢት አይጎዳውም፤ ጎንደርና ደባርቅ ላይ የሚያከራዩም ስላሉ ከ500 ዶላር በላይ የሚያወጣ የዳውን ከረጢት መግዛት አይጠበቅበትም። ቢከራይ ግን ከረጢቱን ዘርግቶ ዚፑንና ሽታውን ሳያይ አይቀበል፤ የራሱንም ስስ የውስጥ አንሶላ ይያዝ።

ሁለተኛዋ ታኅሣሥ ላይ በመንዝ ጓሳ፣ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ባለው የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ፣ ሦስት ሌሊት ለማደር ሁሉን በጀርባዋ የምትሸከም ናት። ስሌቷ ሌሊቱ ዜሮ፣ ቢከፋ −2 እንደሚሆን ነግሯታል፤ ብርድም አትችልም። እሷ የምትፈልገው ምቹ ዲግሪው −2 ገደማ የሆነ፣ 800 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ከ450 እስከ 500 ግራም ዳውን የገባበት፣ ክፍሎቹ በሣጥን መልክ የተሰፉ፣ ኮፍያ ያለው፣ ጠቅላላ ክብደቱ ከ1 ኪሎ የማይበልጥ ከረጢት ነው። አር ቫልዩው ከ3 በላይ የሆነ ፍራሽ ከሥር፣ ከመተኛት በፊት ትኩስ ሾርባ፣ ክዳኑ በደንብ የተጠበቀ የሞቀ ውኃ ኮዳ ከእግር ሥር ስትጨምርበት ያ ከረጢት ከ−2 በታችም ያሳድራታል።

አዲስ መግዛት ለማይችል ሰው ያገለገለ የዳውን ከረጢት ጥሩ ዕድል ነው፤ በደንብ የተያዘ ዳውን ከ20 ዓመት በላይ ያገለግላል። ሲገዛ ከጠባቡ ማቀፊያ አውጥቶ፣ አራግፎ፣ አንድ ሰዓት ያህል ዘርግቶ መጠበቅ ነው። በደንብ የሚነሣ ከሆነ ጤነኛ ነው። ቀጥሎ ወደ ብርሃን አንስቶ ያዩታል፤ ብርሃን በግልጽ የሚያሳልፍ ክፍል ዳውኑ ሸሽቶታል ወይም ተጓጉሏል። ደረት አካባቢ ጠፍጣፋና ቅባታማ ሆኖ ከተገኘ ብዙ ጊዜ መታጠብ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ለዳውን በተዘጋጀ ሳሙና፣ በፊት በሚከፈት ማሽን ወይም በገንዳ ውስጥ በእጅ ይታጠባል፤ ሳይጠመዘዝ በሁለት እጅ ታቅፎ ይወጣል፤ የማድረቂያ ማሽን ከሌለ በጠፍጣፋ ቦታ ተዘርግቶ፣ የተጓጎለው በጣት እየተፈታ፣ ሁለትና ሦስት ቀን ይደርቃል። ከጉዞ መልስም በጠባቡ ማቀፊያው ውስጥ ታጭቆ መክረም የለበትም፤ በሰፊ የጥጥ ከረጢት ውስጥ ተለቅቆ ደረቅ ቁም ሣጥን ውስጥ ይንጠልጠል።

ቀሪው ሰዓት ለጥያቄ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ከረጢቶች ተዘርግተዋል፤ አንደኛው 600፣ ሌላኛው 850 ነው። መለያዎቻቸው ተሸፍነዋል፤ ሚዛኑ አጠገባቸው ተቀምጧል። ማንኛውም ታዳሚ ቀርቦ በእጁ ተጭኖ፣ መዝኖና ወደ መብራቱ አንስቶ የትኛው የትኛው እንደሆነ ቢገምት፣ መለያው ከዚያ በኋላ ይገለጣል።